ሟች የሌለበት ድንኳን

አባቴ የእድሩ ንብረት ያዥ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ አይመጣም ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ሁሉም የሚቀመጡት ቡታጅራ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ከበርበሬ ጆንያዎቹ ጎን ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ለሁለት ብንካፈለው ደስ ይለኛል። እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ኮሮና በገባበት ዓመት ወልቂጤ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር፤ ሶሺዮሎጂ። ካምፓስ ተዘጋ ተባለና ሻንጣዬን ጎትቼ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ማለት በቴሌግራም የሚላክ ፋይልና "ይሰማል? ይሰማል?" የሚል የመምህር ድምፅ ሆነ። አባቴ ይህን ነገር ትምህርት ብሎ ለመጥራት አፉ እሺ አላለውም። ጠዋት በርበሬ ተራ ወዳለው ሱቁ ሲወጣ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ትቶኝ ይሄዳል፤ ሲመለስ እዚያው ያገኘኛል። "ዛሬም ስልክሽን ስትነካኪ ዋልሽ?" ይለኛል።

አንድ ቀን ግን ቀልዱን ተወና ቁርጤን ነገረኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚያው ክረምት አቅርቤ ካለፍኩ እሰየው። ካላለፍኩ ሌላ ሴሚስተር ብሎ ነገር የለም፤ ከእሱ ጋር ሱቅ እገባለሁ። በርበሬ አልጠላም፤ የምወደው ግን ወጥ ውስጥ ሲሆን ነው።

ጥናቴ ወረርሽኙ የለቅሶ ባህላችንን ምን እንዳደረገው የሚመረምር ነበር። ሰው ቤት መሄድ ስለማይቻል ቃለ መጠይቁን ሁሉ በስልክ አካሄድኩ፤ አብዛኞቹ የሰፈራችን እናቶች ናቸው። "ለቅሶ ትሄዳላችሁ ወይ?" ብዬ ስጠይቃቸው የተመካከሩ ይመስል መልሳቸው አንድ ነው። "ኧረ የለም ልጄ፣ ቀርቷል። እጃችንን እየታጠብን ቤታችን ቁጭ ብለናል።" እኔም ያሉኝን አምኜ ጻፍኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ "ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ ማልቀስን በፈቃዱ ትቷል" የሚል ዓረፍተ ነገር ሰካሁ። በጣም ኮርቼበት ነበር፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ጽሑፉን በቪዲዮ ለፈታኞች የማቀርብበት ቀን ደረሰ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በክረምት እኛ ጋ ስምንት ሰዓት ማለት ዝናብ ማለት ነው። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲወርድበት ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንደማመጥም። ወጥቼ እንዳልቀመጥ ዝናቡ አለ፤ ኔትወርኩ ደህና አድርጎ የሚይዘው ደግሞ ግቢው መሃል፣ ሜዳው ላይ ብቻ ነው። ዣንጥላ ይዤ ቆሜ የተማርኳቸው ኮርሶች አሉ። ጽሑፍን ለመከላከል፣ ለዲፌንስ ግን ዣንጥላ አያዋጣም።

መጋዘኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የድንኳኑ ሸራ ወፍራም ነው፣ ዝናብ ቢመታውም አያስጮኸውም። መሰብሰብ ከተከለከለ ጀምሮ ደግሞ የነካው የለም። አባቴና እናቴ ሱቅ ናቸው። የሰፈሬ ልጅ የሆነችውን የካምፓስ ጓደኛዬን ጠራኋትና ምሰሶውን እየታገልን ተከልነው። "ኋላ እንዳንጠየቅ" አለችኝ፣ ጭቃዋን እየጠረገች።

"ማን ያየናል?" አልኳት። ድንኳኑ ከአጥራችን በላይ እስከ አስፓልቱ ድረስ እንደሚታይ አላሰብኩትም። በዚያ ዓመት ሠርግ እንደተከለከለና ግቢ ውስጥ የተተከለ ድንኳን አንድ ትርጉም ብቻ እንዳለውም አላሰብኩም። የለቅሶ ባህል ያጠናሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱ ፈታኞች፣ አንዱ አማካሪዬ ነው፣ ስልኬ ላይ ብቅ አሉ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴት ነች። ዝናቡ ጀመረ፤ ሸራው አላሳፈረኝም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ከበሩ በኩል ሲቃ ሰማሁ። አንዲት እናት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን ይዘው እየገቡ ነው። ከኋላቸው ሌሎች አሉ።

ጓደኛዬ ሮጣ ሄደችና "እማማ፣ ማንም አልሞተም፣ ይመለሱ" አለቻቸው። ነገሩን ያበላሸችው እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ መርዶ እንዲህ በቀላሉ አይነገርም፤ ሰው እስኪሰበሰብ ይደበቃል። "ማንም አልሞተም" ማለት ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጎረቤታችን የጓደኛዬን ትከሻ ያዝ አድርገው "ለኔም ትደብቂኛለሽ?" አሉና ለቅሷቸውን ጨመሩ። የእድሩ ጥሩምባ ለምን አልተነፋም ብሎ የጠየቀም የለም፤ ጥሩምባውም በኮሮና ተከልክሎ ነበር።

እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ማንበቤን ቀጠልኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሼ "ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ ማልቀስን በፈቃዱ ትቷል" ስል ሴቶቹ ራሳቸው ከመጋዘን አውጥተው ከኋላዬ የደረደሩት አግዳሚ ሁሉ ሞልቷል፤ ያልተቀመጠውም ቆሞ ያለቅሳል።

ሰብሳቢዋ ወደ ስልኳ ጠጋ አለች። "ይቅርታ፣ ከኋላሽ ያሉት እነማን ናቸው?"

አማካሪዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሐዘን ገጥሞሽ ነው? ከሆነ ጥያቄ ሳናበዛ እንጨርስልሽ" አለኝ። አንዲት "አዎ" ብቻ ነች የቀረችኝ። አንድ "አዎ" ብል አልፋለሁ፣ ከበርበሬ ሱቅ እድናለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ማንን እንደምገድል መምረጥ ጀምሬ ነበር። ዓይተነው የማናውቀው አንድ የሩቅ አጎት አለን፤ እሱን አሰብኩ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ ሴቶቹን እየገፋ ገባ። በርበሬ ተራ ሳለ "ቤትህ ድንኳን ተጥሏል" ብለውታል። ሱቁን ለእናቴ ትቶ መሮጥ ነው። ቤት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ጨርሶ አውቆታል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ ማስኩ ካንድ ጆሮው ተንጠልጥሏል። አየኝ። አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ።

"አለሽ?" አለኝ።

"አለሁ አባዬ። ትምህርት ላይ ነኝ።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም እንደሚወደኝ አውቄ አላውቅም። የሩቁን አጎቴንም በዚያው ተውኩት። ወደ ስልኬ ዞሬ ለፈታኞቹ እውነቱን ነገርኳቸው፤ የሞተ የለም፣ ድንኳኑን ለዝናብ ነው የተከልኩት፣ እነዚህ ደግሞ ድንኳኑን አይተው ሊያለቅሱልን የመጡ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "ትተዋል ያልሻቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው?"

ጎረቤታችን ስልኩ ላይ አጎነበሱ። "ያን ጊዜ ስትደውልልኝ ቀበሌ የሚያዳምጥ መስሎኝ ነው እንጂ፣ ለቅሶማ አንድም አልቀረብኝ" አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥናቴ ዓይኔ እያየ ፈረሰ።

"ታዲያ ግኝትሽን ትከላከያለሽ?" አለችኝ ሰብሳቢዋ።

"አልከላከልም" አልኩ። "ተሳስቻለሁ። ሰው በስልክ የነገረኝ ማድረግ አለብኝ የሚለውን ነው። የሚያደርገው ደግሞ ይኸው።" ስልኩን አዞርኩና አግዳሚዎቹን አሳየኋቸው።

የሞተ እንደሌለ ሲረጋገጥ ሴቶቹ እየተሳሳቁም እየረገሙኝም ለመሄድ ተነሱ። አባቴ ከፊቱ ላይ እጁን አነሳ።

"ተቀመጡ" አላቸው። "ተራርቃችሁ ተቀመጡ። ትምህርቷን ትጨርስ።"

ትምህርት ብሎ ሲጠራው ያ የመጀመሪያው ነው። ጥያቄው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሴቶቹ ንቅንቅ አላሉም፣ አንዳንዱን ጥያቄ እንዲያውም ከኔ ቀድመው መለሱ። አለፍኩ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና እንድጽፍ ታዘዝኩ። ያቺን የኮራሁባትን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጄ ሰረዝኳት።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ ሲል ድንኳኑን አድርቀን ከአባቴ ጋር ማጣጠፍ ጀመርን። እሱ ባንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን እየተቀራረብን መጣን። ጫፉን ከእጄ ሲቀበለኝ "ሦስተኛ ዲግሪ የሚባልም አለ አሉ?" አለኝ።

"አለ" አልኩት።

"እሱን ካምፓስ ሄደሽ ተማሪ" አለኝ። "ሁለተኛ እንደዚያ የምሮጥበት ጉልበት የለኝም።"