ያለ ቀሪ የሚካፈለው ቁጥር

ዛሬ ባቲ ገበያ አንድ ልጅ የቁርዓን ሰሌዳውን ሲያጥብ የጥላሸት ቀለሙ ሸተተኝና ሐሳቤ ወደ ከሚሴ፣ ወደ አያቴ ቤት በረንዳ ተመለሰ።

አያቴ የሞቱት ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ እናቴን፣ ትተው ነበር። በሸሪዓው ወንድ ሁለት፣ ሴት አንድ ስለሚደርሳቸው ቤቱ ለሰባት ድርሻ መካፈል ነበረበት፤ የእናቴ አንዷ ናት። ቁልፉን የያዘው አጎቴ ሰይድ "ከመኸር በኋላ" እያለ ሲያቆየው አንዱ ወንድሙ ሞተ። ለሚስቱና ለአምስት ወንዶች ልጆቹ ያለ ቀሪ እንዲዳረስ ውርሱን የሚያሰሉልን ሸኽ ሰባቱን ድርሻ በሃያ አባዝተው መቶ አርባ አደረጉት። ሁለተኛውም ሚስት፣ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ። ሸኹ ሰሌዳቸው ላይ ሲያባዙ ቆይተው ወደ እናቴ ቀና አሉ።

"አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ። ይኼ ለሁሉም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ዘሀራ፣ ያንቺ ሁለት መቶ ሃያ ነው።"

"እማ፣ ከአንድ ተነስተሽ እዚህ ደረስሽ! ከበርን!" ብዬ ዘለልኩ።

ሸኹ አልሳቁም። "ያደገው ቁጥሩ ነው ልጄ፤ ቤቱማ ያው ነው።"

እናቴ ወደ አጎቴ ዞረች። "ሰይድ፣ ወላሂ ሌላ ሰው ሳንቀብር አካፍለን። እኔ አንዲት ክፍል ትበቃኛለች።"

"ኢንሻአላህ፣ ከመኸር በኋላ።"

እናቴ ክፍሏን ሳታገኝ ሞተች። አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ። ቅድም ለአጎቴ ሰይድ ስደውልለት ያንኑ መኸሩን እያወራልኝ ክፉኛ አሳለው። "አላህ ያሽርህ" አልኩት። አፌ ይህን ሲል ጣቶቼ ወራሽ ልጆቹን መቁጠር ጀምረው ነበር።