ያልሰማሁትን የተረጎምኩበት እሑድ

ይህ ነገር የደረሰው ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እኔ በታይፕ ጸሐፊነት በተቀጠርኩበት ዓመት ነው። እስካሁን ከልቤ ያልወጣው ጣልያንኛ የማያውቅ ሰው በጣልያንኛ ባልና ሚስት ስላስታረቀ ነው። ሰውዬው እኔ ነኝ።

አጎቴ ጋሽ ወልደየስ ፒያሳ ሰዓት ይጠግኑ ነበር። ስልሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። ከሚስታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር በእልህ ከተለያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በምን እንደተጣሉ ሁለቱም በትክክል አያስታውሱም፤ ማን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ግን ሁለቱም በደንብ ያውቃሉ።

በዚያ ዓመት ጋሽ ወልደየስ ውቤ በረሃ አንድ ቡና ቤት የምትዘፍን፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ወደዱ። ሽበታቸውን በቀለም አጠቆሩ። ጠባብ ሱሪ አሰፉ። ልጅቱ “አባባ” ብላ ነበር የምትጠራቸው። እሳቸው ግን አባባ ስትላቸው አንጀታቸውን እንደምትበላቸው ያጫውቱኝ ነበር። እኔም ለአባቷም የምትለው ያንኑ እንደሆነ ለመንገር አልደፈርኩም። ሽማግሌ ልልክ ነው ሲሉኝ ግን ደነገጥኩ። አራዳ ሁሉ ሲስቅባቸው ታየኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤት ወሰዱኝ። አንድ ሽማግሌ በፍቅር ሲያብድ የሚያሳይ የጣልያን ፊልም መጥቷል ሲባል ሰምተው፣ ለልጅቱ የሚሆን ንግግር ሊማሩበት ነው። እኔ ጣልያንኛ እችላለሁ እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ስለኖርኩ አስተርጓሚ ሆንኩ። የማውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ አልከበደኝም። ሽበታሙ ሰውዬ ወጣቷ እግር ሥር ሲንበረከክ፣ እወድሻለሁ እያላት ነው እላለሁ። ስትስቅበት አጎቴ ምን ያስቃታል ብለው ተቆጡ። በኋላ ሰውዬው ብቻውን ቀረና ወደ አንድ አሮጌ ቤት ሄዶ አንኳኳ። ጥቁር የለበሰች ሴትዮ ከፍታ ረጅም ነገር ተናገረችው። አንድ ቃል አልገባኝም።

“ምን አለችው?” አሉኝ አጎቴ።

እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ። “ሚስቱ ናት” አልኳቸው። “በሩ አልተዘጋም፣ እልህህ እስኪበርድ ነው የጠበቅኩህ አለችው።”

አጎቴ መሐረባቸውን አወጡ። ከዚያ ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ።

እየፈራሁ ተከተልኳቸው። ወደ ውቤ በረሃ አልታጠፉም። ጊዮርጊስ አጠገብ ካለው ከእትዬ አስካለ ቤት ደርሰው አንኳኩ። እትዬ አስካለ ከፍተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

“አስካለ፣ በሩ አልተዘጋም ሲሉኝ መጣሁ” አሉ አጎቴ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

እትዬ አስካለ የተቀባውን ጠጉር አዩ። ጠባቡን ሱሪም አዩ። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

“ይግቡ” አሏቸው። “ብርድ አያስገቡብኝ።”

በሳምንቱ እትዬ አስካለ የሱሪውን ስፌት ተርትረው ሰፋ አደረጉት። ጠጉሩም ቀስ በቀስ ወደ ሽበቱ ተመለሰ።

እኔ ይህን ፊልሙን ላየና ጣልያንኛ ለሚያውቅ የቢሮ ባልደረባዬ ሳጫውተው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ ሴትዮዋ የሰውዬው ጎረቤት ነበረች። የነገረችውም ሚስቱ ሌላ ባል አግብታ ከተማውን ለቅቃ መሄዷን ነው።

ጋሽ ወልደየስ እስኪሞቱ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። እውነቱን አልነገርኳቸውም። እትዬ አስካለ ዛሬም አሉ፤ ፊልም ሰው ያስተምራል እያሉ ለእንግዳ ሲያወሩ አንገቴን እደፋለሁ። ማፈሩንስ አፍራለሁ። ግን ያን ዕለት ቋንቋውን አጥርቼ ባውቅም የምተረጉመው ያንኑ ይመስለኛል። እትዬ አስካለ ማንበብ አይችሉም። ይህን የሚያነብላቸው ሰው ከተገኘ፣ ቁጣቸውን ልቀበል እሑድ እሄዳለሁ።