ከላምበረት እስከ ቦሌ ለሚ፦ የጳጉሜን ዝናብ ፍለጋ

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው፣ በመልክዓ ምድርና ሳይንስ ማኅበራችን መጽሔት ላይ ይወጣል ተብሎ የተነገረው የምሥራቅ አዲስ አበባ የዝናብ ሠንጠረዥ ለምን እንደቀረ የጠየቁ አባላት ስላሉ ነው። ምክንያቱን በወሬ ከሚሰሙት፣ በዕለቱ መኪናው ውስጥ ከነበርነው ሰዎች ከአንዳችን በቅደም ተከተል ቢሰሙት ይሻላል።

ማኅበሩ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በላምበረት፣ በቦሌ ለሚና በቦሌ ሦስት የዝናብ መለኪያዎች ነበሩት። በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሦስት ሰዎች በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት የመለኪያውን ውሃ በመስፈሪያ ብርጭቆ ለክተው በቅጽ ላይ ይመዘግባሉ፤ ቅጹን በዓመቱ መጨረሻ ለማኅበሩ ይልካሉ። ቅጹን ያዘጋጁት የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ መርዕድ ናቸው። እኔ ላለፉት አራት ዓመታት የማኅበሩን መዝገብ ስይዝና ስገለብጥ ቆይቻለሁ። የጋሽ መርዕድ ዓይን ስለደከመ ቁጥሮቹን የማነብላቸውም እኔ ነኝ።

በመስከረም 1989 የዘነበባቸውንና ያልዘነበባቸውን ቀናት ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመት ስደምር፣ ዓመቱ ሦስት መቶ ስድሳ ቀን ሆነብኝ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ከዚያ ቅጹን አየሁ። አሥራ ሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ ሠላሳ መስመር። ጳጉሜን የለችም።

የማኅበሩ ቦርድ ጉዳዩን ሰምቶ አንድ ውሳኔ ሰጠ፦ ከሦስቱ ጣቢያዎች ቢያንስ የአንዱ የአሥራ አራት ዓመት መዝገብ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ሠንጠረዡ ይታተማል፤ ካልተገኘ አይታተምም። ጋሽ መርዕድ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከዚህ ሠንጠረዥ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። መጽሔቱ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። እኛ ቅዳሜ ተነሣን።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቦሌ

መኪናው ከአንድ አባል የተዋስነው አሮጌ ላንድሮቨር ነው፤ የግራ በሩ በገመድ ይታሰራል። ሾፌሩ ታደሰ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ሞተሩን ያሞቃል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል የሚመጣው ነፋስ የጥቅምት ብርድ አለበት። አስፋልቱ ባዶ ነው፤ ከአንድ ቪላ በር ላይ ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ ያየናል።

የቦሌዋ መዝጋቢ ሲስተር አሰለፈች ጎረቤት ቢሆኑም ቅዳሜ እስከ ቀትር ቤት ስለማይገኙ፣ የእርሳቸውን ለመጨረሻ አቆየነው።

«ጋሽ መርዕድ» አለ ታደሰ ማርሽ እያስገባ፣ «አሁን እኛ የምንሄደው ዘንቦ ያለቀ ዝናብ ልንለምን ነው?»

«ልንጠይቅ እንጂ ልንለምን አይደለም።»

«ያው ነው። እኔ ለማንኛውም ጃንጥላ ይዣለሁ።»

ጋሽ መርዕድ አልሣቁም። ሃያ ሁለት የሚባለውን ሰፈር አልፈን መገናኛ ስንደርስ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ።

«ቅጹ የተባዛበትን ስቴንስል የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አሥራ ሦስተኛው ዓምድ ወረቀቱ ላይ አልገባ አለኝ። ለጳጉሜን ለብቻዋ ቁራጭ ወረቀት እልካለሁ ብዬ ነበር።»

«ላኩ?» አለ ታደሰ።

«ብልክ ኖሮ ቅዳሜን ከአንተ ጋር እውላለሁ?»

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ፣ ላምበረት

ላምበረት ከነጋ ቆይቷል። ወደ ደሴ የሚወጡ ከባድ መኪናዎች በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል፤ ረዳቶች ሸራ ያስራሉ፤ የናፍጣው ጢስ ከጠዋቱ ጉም ጋር ተቀላቅሏል። አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን ፉል በላን። ሦስት ብር ነው፤ ዳቦው ትኩስ፣ ቃሪያው የሚያስለቅስ።

የላምበረቱ መዝጋቢ ሐጂ ሰይድ ከወሎ የመጡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የጎሚስታ ባለቤት ናቸው። መለኪያው ከጎማ መጠገኛው ጀርባ ባለው ግቢ መሐል ተተክሏል፤ መኪና እንዳይገጨው ዙሪያውን አራት አሮጌ ጎማዎች እስከ ግማሻቸው ድረስ ተቀብረዋል። ሐጂ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ተቀበሉን።

«ጳጉሜን?» አሉ፣ በጥያቄው ጥቂት እንደተቀየሙ። «እንዴት አልለካም! በየቀኑ ለክቻለሁ።»

ጋሽ መርዕድ ወደ ፊት ተጠጉ። «የት ጻፉት ታዲያ፣ ሐጂ?»

«ነሐሴ ሠላሳ ላይ ነዋ። መኪና ሞላ ተብሎ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል? በትርፍ ጫንኩት።»

ታደሰ ሣቀ። «ትራፊክ ሳያይ ነዋ፣ ሐጂ!»

«ትራፊኩ ይኸው መጣ» አሉ ሐጂ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «ደብተር ይዞ።»

ይዤ የመጣሁትን ግልባጭ ገለጥኩ። እውነት ነው። በየዓመቱ የላምበረት ነሐሴ ሠላሳ ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጣል። ስገለብጥ አይቼው ነበር፤ በላምበረት ክረምት የሚወጣው በዶፍ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«የየቀኑን መለየት ይቻላል?» ሲሉ ጋሽ መርዕድ ጠየቁ።

ሐጂ ወደ ግድግዳው ወሰዱን። ከኮምፕረሰሩ በላይ በጠመኔ ይጽፉ እንደነበር፣ በጳጉሜን መጨረሻ ደምረው ወደ ቅጹ እንደሚያሻግሩት አስረዱን። ጽሑፉ ከተሻገረ በኋላ ይጠረጋል፤ ግድግዳው በየዓመቱ ለዒድ ኖራ ይቀባል። ንጹሕ፣ ነጭ ግድግዳ ነው። ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አውልቀው በጣታቸው ዳሰሱት።

«አጥፍቻለሁ እንዴ መምህር?» አሉ ሐጂ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አንድ ጠብታ አልጣሉም፣ ሐጂ። የሰጠንዎት ወረቀት ነው የጠበበው።»

ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ቦሌ ለሚ

በሲኤምሲ በኩል ወረድን። ተመሳሳይ ቤቶች፣ ተመሳሳይ የብረት በሮች፣ በየበሩ መኪና የሚያጥብ ሰው። ከዚያ አስፋልቱ ያልቅና ጥቁር ዋልካ መሬት ይጀምራል። ክረምቱ የተወው ጭቃ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ በጎማ ዱካዎቹ መሐል መኪናው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። በግራና በቀኝ ጤፉ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ከተማው ከኋላችን ይታያል፤ እዚህ ግን የሚሰማው የአውሮፕላን ድምፅ ብቻ ነው።

አቶ ቶሎሳ ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ። መለኪያውን ማንም ከብት እንዳይደርስበት በእሾህ አጥረውታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዲንቂቱ እርጎ አቀረቡልን፤ ጋሽ መርዕድ ግን ጣሳውን ይዘው ሳይጠጡ ጠየቁ።

«ጳጉሜን አልጻፍኩም» አሉ አቶ ቶሎሳ። «ቦታ የለውም።»

«ለክተዋል ግን?»

«አልለካሁም። መለኪያውን ነሐሴ ሠላሳ እደፋዋለሁ፤ መስከረም አንድ አቆመዋለሁ። ወረቀቱ ሥር ምን ተጽፏል?» ብለው በቃላቸው አሉት፦ «ከቅጹ ውጪ ምንም ነገር አይጻፍ።»

ይህ በእርግጥ በቅጹ ግርጌ አለ። የጋሽ መርዕድ ቃል ነው።

«አይ፣ አንዱን ቀን ግን አይደፋም» አሉ ወይዘሮ ዲንቂቱ ከጓዳ በር ላይ። «የሩፋኤልን።»

«እሱን ቀን የምታቆሚው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ፣ አልክድም!» ወደ እኛ ዞሩ። «ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ዝናብ ነው፣ ጠበል ነው። ሁሉም በገንዳ ይቀበላል፤ እኔ ደግሞ የእናንተ ዕቃ ንጹሕ ነው ብዬ በሱ እቀበላለሁ። ልጆቹን እረጭበታለሁ፣ የተረፈውን ሊጥ ውስጥ እጨምራለሁ።»

«ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ሳይታይ?» አልኩ። ጥያቄው ከአፌ እንደወጣ ሞኝነቱ ተሰማኝ።

«የሩፋኤል ውሃ ይሰፈራል እንዴ አንተ ልጅ? ተማሪ ነህ መሰለኝ።»

ታደሰን እርጎው ትን አለው።

አቶ ቶሎሳ ግን የጋሽ መርዕድን ፊት ያዩ ነበር። ዝግ ብለው፣ «መምህር፣ ከቸገረዎት እኮ አስታውሳለሁ» አሉ። «የትኛው ዓመት ጳጉሜን ከባድ እንደነበር፣ የትኛው ቀላል እንደነበር አውቃለሁ። እነግርዎታለሁ፣ ልጁ ይጻፍ።»

እኔ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰኞ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ አሥራ አራት ዓመት በአንድ ሰዓት ይሞላል፤ አቶ ቶሎሳም ውሸታም ሰው አይደሉም።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ መርዕድ። «በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያላዩትን አንድ ቀን እንኳ አልጻፉም። በእኔ ምክንያት ዛሬ አይጀምሩ።» ከዚያ እርጎውን ጠጥተው ጨረሱና ተነሡ።

መኪናው ውስጥ ታደሰ፣ «የሐጂን ድምር ለአምስት አካፍሎ መስጠት ነው እንግዲህ» አለ።

«በአንዱ ቀን ሙሉውን ዘንቦ በአራቱ ፀሐይ ወጥቶ ቢሆንስ?»

«ማን ያውቃል!»

«እሱን ነው የምልህ።»

ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል፣ ቦሌ

በገርጂ በኩል አቧራውን ለብሰን ተመለስን። ሲስተር አሰለፈች ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቤታቸው ትንሽ፣ ግቢያቸው እንደ ሆስፒታል ኮሪደር የተጠረገ ነው። መለኪያው ከአጥሩም ከዛፉም እኩል ርቆ ቆሟል። ከሦስቱ ጣቢያዎች እንደ መመሪያው የተተከለ ይኸኛው ብቻ ነው።

ጋሽ መርዕድ ለመቀመጥ እንኳ አልጠበቁም። «ሲስተር፣ ጳጉሜን...»

«ምን ሆነች ጳጉሜን?»

«ጽፈሻታል?»

ሲስተር አሰለፈች ሳቁባቸው። «ሠላሳ ዓመት የበሽተኛ ቻርት የጻፍኩ ሰው ነኝ እኮ፣ መርዕድ። ቻርቱ ላይ ቦታ ጠበበ ተብሎ የበሽተኛ ትኩሳት ይቀራል? ከጀርባው ይጻፋል።»

«ከቅጹ ውጪ አይጻፍ ይላል እኮ።»

«ጀርባውስ ቅጹ አይደለም? ከጳጉሜን አንድ እስከ አምስት፣ ስድስት በሆነበት ዓመት እስከ ስድስት፣ በየቀኑ፣ ከነሰዓቱ ጽፌ ልኬልሃለሁ። አሥራ አራቱንም ዓመት።»

ጋሽ መርዕድ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ ያላየሁት ነገር በፊታቸው ላይ አየሁ። «በቃ» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቢሮ ሄደን ዋናዎቹን ቅጾች ማገላበጥ ነው። ቦሌ ሙሉ ነው። ሠንጠረዡ ወጣ ማለት ነው።»

ታደሰ በሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ማኅበሩ ክፍል ሲቀይር፣ አዲሱ ክፍል ከአንድ ቁም ሣጥን በላይ አልያዘም። እስከ 1986 ያሉትን ቅጾች ሁሉ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ጨርሼ ነበር። የገለበጥኩት የፊት ገጹን ነው። ቅጹ የፊት ገጽ ብቻ ያለው ነገር ነው ብዬ ስለማምን አንዱንም ዞር አድርጌ አላየሁም። ዋናዎቹን በገመድ አስሬ ለግቢው ዘበኛ ሰጠሁት፤ እሱም ቆሎ ለምትሸጥ ዘመዱ መጠቅለያ እንዲሆናት ወሰደላት።

ይህንኑ በእነዚሁ ቃላት ነገርኳቸው። ሲስተር አሰለፈች እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ታደሰ ወደ ውጭ ወጣ።

 «ትርፍ ወረቀቱን አስወግድ ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«ትርፍ መሆኑን የነገርኩዎት ግን እኔ ነኝ።»

«እሱም አለ።»

«ፊት ለፊቱን ብቻ አንብቦ መድኃኒት የሚያዝ ዶክተር ነበረን» አሉ ሲስተር አሰለፈች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ፊቴን አይተው መሆን አለበት፣ ቀጥለው፣ «ቁጭ በል። ቆመህ አይመለስም» አሉኝ።

ከምሳ በኋላ ቢሮ ሄድን። ካልተጣሉት ቅጾች መሐል የ1987ና የ1988 የቦሌ ቅጾች ከነጀርባቸው ተገኙ። ጽሕፈቱ ጥቃቅንና ቀጥ ያለ ነው፤ የመጨረሻው የስድስት ቀን ጳጉሜን ከነሰዓቱ አለ። ጋሽ መርዕድ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩ። አሥራ አንድ ቁጥሮች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አልወሰዱም።

ሰኞ ጠዋት ቦርዱ እስኪጠይቃቸው ሳይጠብቁ ሠንጠረዡን ራሳቸው አነሡት። «ባዶውን ቦታ በግምት ሞልተን እናትመው» ያለ አባል ነበር፤ አልተቀበሉትም። ለእኔ የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ነው፦ የጎደለውን ቆጥረህ፣ የማን ስሕተት እንደሆነ ሳትሸፋፍን፣ ጻፈው።

ከ1975 እስከ 1988 ዓ.ም. አሥራ አራት ጳጉሜኖች፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ ሰባ አራት ቀናት ነበሩ።

ላምበረት፦ አሥራ አራት ድምሮች ተርፈዋል፤ የየቀኑ ልክ፣ ሰባ አራት ቀን፣ ጠፍቷል።

ቦሌ ለሚ፦ ሰባ አራት ቀን፤ አልተለካም።

ቦሌ፦ አሥራ አንድ ቀን ተገኝቷል፤ ስድሳ ሦስት ቀን ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ ደርሶን ጠፍቷል።

በጠቅላላው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀን።