ቢጫው መሐረብ

ስሟን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። ከመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ተቀምጣ ካልሲና መሐረብ የምትሸጠውን ሴት ጎዳናው ሁሉ «አንቴና» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት አጠገቧ ቀበቶ የሚሸጠው ሰውዬ ነው። ደንብ አስከባሪዎች ገና ከማዕዘኑ ሳይታጠፉ፣ የአንዳቸው ቆብ ጫፍ ብቅ ሲል እሷ አይታ ጨርሳለች። «ይቺ ሴትዮ አይደለችም፣ አንቴና ናት፤ ገና ከቢሯቸው ሲነሡ ትይዛቸዋለች» አለ አንድ ቀን። ስሙ በዚያው ቀረ።

ስታያቸው አትጮህም። ከካልሲዎቹ ላይ አንድ ቢጫ መሐረብ አንሥታ፣ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ሁለት ጊዜ ታርገፈግፈዋለች። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ያለ ሁሉ ይነሣል። ዕቃቸው የሚዘረጋው በላስቲክ ሸራ ላይ ነው። በሸራው አራት ማዕዘን ገመድ ታስሯል፤ አራቱን ገመድ አንድ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ሱቅ የነበረው ጆንያ ይሆናል። ጆንያው ወደ ትከሻ፣ እግር ወደ ጓሮው መንገድ። አሥር እስኪቆጠር ድረስ እዚያ ሰው የነበረም አይመስልም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረች። ልጇን በዚያ ሸራ አሳድጋ ዳረች። ዐይኗ አልደከመም፤ የከዳት ጉልበቷ ነው። ባለፈው ዓመት ስትሮጥ የጓሮው ደረጃ ላይ ወድቃ ሁለት ወር ተኛች። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሩጫ ይቅርብዎት» ሲላት ሳቀችበት።

«እኔ መች ለስፖርት ብዬ ሮጥኩ ዶክተር!»

እንግዲህ ስለ ፈቃድ የሚናገር ማስታወቂያ በመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ልቧ እንዴት እንደዘለለ መገመት አያዳግትም። ማንበብ ስለማትችል ፋርማሲስቷ ወጥታ አነበበችላት። ማዘጋጃ ቤቱ ለጎዳና ነጋዴዎች ጊዜያዊ ፈቃድ ሊሰጥ ነው። ፈቃድ ያገኘ ሰው በዚያው በሚሠራበት ቦታ ቁጥር የተጻፈበት ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ተነሣ የሚለው የለም። መዝጋቢዎች በመጪው ሳምንት በየጎዳናው ይዞራሉ።

«የመጨረሻዋን እስቲ ድገሚልኝ የኔ ልጅ።»

«የሚመዘገበው በሥራ ቦታው ላይ የተገኘ ሰው ብቻ ነው፣ ይላል።»

«ታዲያ እኔ ሌላ የት ልገኝ ነው!»

ቀበቶ ሻጩ ግን አፍንጫውን ነፋ። «ወጥመድ ነው። ሰብስበው በአንድ መኪና ሊጭኑን ነው።»

«አንተን ጭነው የት ሊያደርሱህ? በግማሽ መንገድ ሰልችተሃቸው ያወርዱሃል።»

«ሳቂ አንቺ።»

«ስማኝ፣ አልቀለድኩም። በዚያ ሳምንት ቆብ ብታዩም እንዳትነሡ። አንዱ ከሮጠ ሁሉም ይሮጣል። እኔ ካልተነሣሁ ማንም አይነሣ።»

ይህንኑ ለእያንዳንዱ እየዞረች ተናገረች። ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሣች፤ ከመታወቂያዋ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ በደረቷ ወሸቀችው። ሰኞ ጠበቁ። ማክሰኞና ረቡዕም ጠበቁ። ሐሙስ ማታ ቀበቶ ሻጩ ዕቃውን እየሰበሰበ «አንቴናሽ ተበላሸ እንዴ? ምንም አልያዘም» አላት።

ዓርብ ጠዋት ሰው ከአውቶቡስ እየወረደ ገበያው ሲሟሟቅ፣ ለአንዲት ደንበኛ ካልሲ እየመረጠች ሳለ፣ ከማዕዘኑ ቆብ ብቅ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከኋላቸው ማን እንደሚከተል አላየችም። ሐሳቧ «እንዳትነሺ» ሊላት ሲል እጇ ቀድሞ መሐረቡን አንሥቶ ነበር። ሁለት ጊዜ አርገፈገፈው።

ጎዳናው ግልብጥ ብሎ ተነሣ። እሷም ገመዷን ስባ፣ ጉልበቷ እየጮኸ፣ ጓሮ ገባች። ግድግዳ ተደግፋ ስታዳምጥ ግን የሚያባርር እግር የለም፤ ፊሽካም የለም። አንገቷን አስግጋ አየች። ሦስቱ ባለቆቦች ቆመው ያዛጋሉ። በመካከላቸው ትልቅ መዝገብ የታቀፈች ወጣት ሴት ባዶውን መንገድ ዳር ወዲያና ወዲህ አየችና አንድ መስመር ጻፈች።

«ወይ እጄ!» አለች አንቴና። «ምነው በተቆረጥክ!»

ጆንያዋን እንደተሸከመች እያነከሰች ወጣች።

«የኔ ልጅ፣ ቆይ! አለሁ፣ እዚህ ነኝ። ይኸው መታወቂያዬ፣ ይኸው ፎቶዬ።»

«እናቴ፣ ስንመጣ ቦታው ላይ ሰው አልነበረም።»

«ስለሮጥን ነዋ!»

«ከማን ነው የሮጣችሁት?»

«ከነዚህ!»

«እነሱ እኮ እኔን ለማጀብ ነው የመጡት። ማንንም አልነኩም።»

«ዛሬ ነው ያልነኩት!»

አንዱ ባለቆብ ሳቀ። መዝጋቢዋ አልሳቀችም። ፋርማሲስቷ በነጭ ጋዋኗ ወጥታ «ሁልጊዜ እዚህ ናት፣ እኔ እመሰክራለሁ» አለች።

«ምስክር የሚጻፍበት ቦታ መዝገቡ ላይ የለም» አለች መዝጋቢዋ፣ ከልቧ አዝና። «ገጹ ቁጥር አለው፤ መሰረዝም አልችልም። ቢሮ ሄደው ያመልክቱ።»

ያን ሰሞን ጎዳናው አኮረፋት። ቀበቶ ሻጩ እንኳን ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባውን ሰጣት።

ቢሮ ሄደች። በመስኮቱ በኩል ያለው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ አየላት። «ይህ መንገድ ከጎዳና ንግድ ነጻ ነው፣ ይላል። እንዲያውም በአርአያነት ተመርጧል።»

«እኔስ?»

«እዚያ እንደሚሠሩ የሚገልጽ የመንግሥት ወረቀት አለዎት?»

«ከየት አምጥቼ?»

«እሱ ቢኖር አንድ ነገር ነበር።»

ያችን ቃል ይዛ ተመለሰች። በሳምንቱ ቆቦቹ እንደገና መጡ፤ በዚህ ጊዜ መዝጋቢ አልነበረም፣ መኪና ግን ነበር። መሐረቡን ሁለት ጊዜ አርገፈገፈች። ሁሉም ተነሣ። እሷ አልተነሣችም።

«ምን ነካሽ፣ ተነሺ እንጂ!» አለ ቀበቶ ሻጩ፣ ጆንያውን ተሸክሞ።

«ሂድ አንተ።»

አንድ ወጣት ደንብ አስከባሪ ግራ ገብቶት ከፊቷ ቆመ። «እማማ፣ አይሮጡም እንዴ?»

«አልሮጥም። ወረቀትህን አውጣና ጻፈኝ። ቦታውን በደንብ ጻፍ፤ ከመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ሥር በል።»

ጻፈ። ሙሉ ስሟን፣ ቦታውን፣ ቀኑን፤ ከዚያም የተወረሰውን ዕቃ፣ ካልሲዎቹን፣ የሚሸጡትን መሐረቦች፣ ሸራውን ከነገመዱ። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ቀድዶ ሰጣት። ስሟና ያ ቦታ በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ዕቃዋ መኪና ላይ ሲወረወር ዞራም አላየችው።

በማግሥቱ ወረቀቱን በመስኮቱ አሳልፋ ሰጠች። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህ የውርስ ወረቀት ነው እኮ።»

«ቦታውን አንብበው።»

«አነበብኩት። በሕገ ወጥ ንግድ የተያዘ ሰው ለሁለት ዓመት ፈቃድ መጠየቅ አይችልም፤ ደንቡ ነው። ባይጻፉ ይሻልዎት ነበር።»

«ወረቀት ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እንዲህ ያለውን አላልኩም እናቴ። ቀጣይ!»

ስትመለስ ቀበቶዎቹ እስከ እሷ ቦታ ድረስ ተዘርግተው አገኘቻቸው። ሰውዬው ሌላ ሰው ቦታዋን እንዳይዝባት ነበር የዘረጋቸው። ቀበቶዎቹን ሰበሰበላት።

«ቁጭ በይ።»

«ምን ልሸጥ ብዬ?»

«ማን ሽጪ አለሽ? አንቺ ከሌለሽ ማን ያይልናል?»

ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። ዕቃዋ ሲወረስ ጭብጧ ውስጥ ስለነበር ያልተጻፈውን ቢጫ መሐረብ ከደረቷ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አንድ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ «ስንት ነው?» አላት።

«አይሸጥም» አለች፣ ዐይኗን ከማዕዘኑ ሳትነቅል።