የቮይሎች ግድግዳ

በስቶክ ቮይል ቤተ ክርስቲያን ሰሜናዊ ግድግዳ ላይ ለእግዚአብሔር የተተወለት ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ከመቀመጫዎቹ ራስ አንሥቶ እስከ ጣራው ድረስ የተደረደሩት ጥቁር ድንጋዮች ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። በቪየና የንጉሥ መልእክተኛ የነበረው ቮይል አለ፤ በቁስጥንጥንያ አምባሳደር የነበረው ልጁ አለ፤ በሊዝበን ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር የነበረው የልጅ ልጁ አለ። እያንዳንዱ ድንጋይ ማን ከማን እንደ ተወለደና በየትኛው ቤተ መንግሥት ደጅ ሲጠና እንደ ኖረ ይዘረዝራል። ሚስቶች የሚጠቀሱት አባታቸው ማዕረግ ያለው እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ድንጋዮች የመጨረሻዎቹን አምስት የቀረጸው የመንደሩ ድንጋይ ጠራቢ ሳይላስ ፖብጆይ ነበር። ትምህርት ቤት የተቀመጠው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ አባቱ ኢኖክ መሮ አስጨብጦ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ወዳለው ዳስ አስገባው። ከዚያ ዳስ ሳይወጣ ስድሳ ሁለት ዓመት ሞላው። ሚስት አላገባም፤ መጠጥ ቤት አይቀመጥም፤ የሰጡትን ወረቀት ሁሉ ሁለት ጊዜ ሳያነብ አይቀበልም። የመንደሩ ሰዎች «ሳይላስ ከገዛ ጥላው ጋር ለመሄድም ምስክር ይጠራል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቀልዱን ያውቀዋል፤ ግን አይስቅም።

ተጠራጣሪ ያደረገው አንድ ደብዳቤ ነው። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ታናሽ እኅቱ ቲርዛ የቮይሎች ሞግዚት ሆና፣ ሰር ሁጎ ቮይል ሚኒስትር ሆኖ ወደ ተሾመበት ወደ ሊዝበን ሄደች። በዓመቱ ለእናቷ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እኔና ኤቨራርድ በሌጋሲዮኑ ጸሎት ቤት ተጋብተናል፤ የአባቱ ቁጣ እስኪበርድ ለማንም አትናገሩ»። ኤቨራርድ የሰር ሁጎ ሁለተኛ ልጅ፣ በዚያው ሌጋሲዮን፣ ማለት በሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ጸሐፊ ነበር። ከደብዳቤው ስምንት ወር በኋላ የመጣችው ቲርዛ አይደለችም፤ በቅርጫት የተኛች የስድስት ሳምንት ሕፃን ናት። እናቲቱ በወሊድ ትኩሳት ሞታ እዚያው ተቀበረች ተባለ።

በዚያው ሳምንት የኤቨራርድ እኅት ሚስ ኦገስታ በሠረገላ መጣችና «ነገሩን እናጣራለን» ብላ ደብዳቤውን ከሳይላስ እናት እጅ ተቀበለች። ደብዳቤው ከሄደበት አልተመለሰም። ሳይላስ ወደ ሌጋሲዮኑ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሰር ሁጎ ፊርማ አንድ ዓይነት መልስ መጣለት፦ እንዲህ ያለ ጋብቻ በመዝገባችን የለም። ከዚያም ሕፃኗ ከአንድ የሊዝበን አሽከር የተወለደች ዲቃላ ናት የሚል ወሬ ቮይሎች ከሚኖሩበት ከትልቁ ቤት ወጥ ቤት ወጣ፤ መንደሩም ሳይጠይቅ አመነ።

ሕፃኗን ዶርካስ ብለው ሳይላስና እናቱ አሳደጓት። ካደገች በኋላ የመንደሩ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆነች። ኤቨራርድ በበኩሉ ሰር ኤቨራርድ ተብሎ ከአንዱ ዋና ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር ኖረ፤ ሸምግሎም ወደ ትልቁ ቤት ተመለሰ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ መንደር ሲኖሩ ቴምብር ሊገዛ አንድ ቀን እንኳ ራሱ አልመጣም፤ ሁልጊዜ አሽከር ይልክ ነበር።

ታላቁ ጦርነት ካበቃ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ በጸደይ መግቢያ፣ ሰር ኤቨራርድ ሞተ። በሁለተኛው ሳምንት ሚስ ኦገስታ ወደ ሳይላስ ዳስ መጥታ ከበሩ ሳታልፍ ወረቀት ዘረጋችለት።

«ፖብጆይ፣ የወንድሜ ድንጋይ በበጋው መጨረሻ ግድግዳው ላይ መውጣት አለበት» አለችው።

ሳይላስ ወረቀቱን አነበበ። እንደ ገናም አነበበ። የሰር ሁጎ ሁለተኛ ልጅ፣ ይላል፤ በሦስት ነገሥታት ዘመን አምባሳደር፣ ይላል፤ መጨረሻው ላይ፦ ሚስት ሳያገባ፣ ዘር ሳይተካ አረፈ።

«እሜቴ፣ የመጨረሻዋን መስመር ብንተዋትስ?»

«ለምን እንተዋለን?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«አንተ የምታውቀው መሮ መያዝ ነው። የቮይሎችን የትውልድ ሐረግ ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ማን እንደ ተወለደና ማን እንደ ተጋባ ከድንጋይ ጠራቢ አልማርም።»

«ድንጋይ ጠራቢም አጎት ይሆናል፣ እሜቴ።»

ሚስ ኦገስታ ጓንቷን ጎተት አድርጋ አስተካከለች። «ካልቀረጽከው የሚቀርጽ አላጣም» አለችና ሄደች።

ማታ ከፖስታ ቤት ስትመለስ ለዶርካስ ነገራት። ዶርካስ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ ሰማችው።

«እና ምን አልካት?»

«አጎት እንደ ሆንኩ ነገርኳት።»

«እሰይ! ይህችን ለማለት ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀብህ?» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። «አጎቴ፣ እስከ ዛሬ ዲቃላ ሲሉኝ በአፍ ነበር። የሚለው ሰው ይሞታል፣ ወሬውም አብሮት ይሞታል። ይሄ ግን ድንጋይ ነው። በየሰንበቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እናቴ ሚስት አልነበረችም የሚለውን ላነብ ነው?»

«አታነቢውም።»

«ቃል ነው?»

ሳይላስ ቃል መስጠት አይወድም። «እናያለን» ብሎ መብራቱን ለኮሰ።

በዚያ አገር ማንም ሰው፣ ባላባትም ቢሆን፣ ያለ ሀገረ ስብከቱ ዳኛ ፈቃድ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ማውጣት አይችልም። የሚወጣው ቃል ሙሉውን ተጽፎ ለሃያ ስምንት ቀን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፋል፤ ከአጥቢያው ሰው የሚቃወም ካለ ይጽፋል። በአራት ትውልድ ውስጥ ቮይሎችን የተቃወመ ሰው አልነበረም። ማስታወቂያውንም የሚያነብ አልነበረም፤ በሩ ላይ ዝናብ ሲመታው ከርሞ ይነሣል።

ሳይላስ እንደ ሙያው ወግ ቃሉን በጥቁሩ ድንጋይ ላይ በነጭ ቀለም ጻፈ፤ መሮ ግን አላሳረፈበትም። ከዚያ ሦስት ሰንበት ፈጅቶ የተቃውሞውን ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነበር፦ «ሰር ኤቨራርድ ቮይል እኅቴን ቲርዛን አግብቶ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሐሰት ሊቀረጽ አይገባም፤ እኔም አልቀርጽም።»

ወሬው ሲሰማ የአጥቢያው ቄስ ሂባርድ እየተቻኮለ ወደ ዳሱ መጣ።

«ሳይላስ፣ ተው። የቤተ ክርስቲያናችን ጣራ በማን ቸርነት እንደሚጠገን ታውቃለህ።»

«አራት ትውልድ ቸር ሆነው አሁንም ያፈሳል፣ አባታችን።»

«የሞተ ሰው ስም ነው የምታነሣው!»

«እኔም የሞተች ሰው ስም ነው የማነሣው» አለው ሳይላስ፤ ወንበርም አላቀረበለትም።

ዳኛው ነገሩን ለመስማት በሰኔ ወር በአንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱ ወደ ስቶክ ቮይል መጣ። ችሎቱ የተዘረጋው በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር ነበር። ለቅዳሴ የማይመጣው ሁሉ በዚያ ቀን መጥቶ ተቀመጠ፤ የመጣው ለእውነት ሳይሆን ሳይላስ ሲዋረድ ለማየት ነው።

«ሚስተር ፖብጆይ፣ ማስረጃዎ ምንድን ነው?» አለ ዳኛው።

«የእኅቴ ደብዳቤ።»

«የት አለ?»

«እሜቴ ወስደዋል።»

«እንዲህ ያለ ደብዳቤ አላስታውስም» አለች ሚስ ኦገስታ። ከኋላ አንድ ሰው «አሽከሩ በልቶት ይሆናል!» ብሎ ጮኸና ሳቅ ሆነ። ዶርካስ አንገቷን አልደፋችም፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

«እርስዎስ፣ ሰር ኤቨራርድ ሚስት እንዳላገቡ የሚያሳይ ነገር አለዎት?» አለ ዳኛው ወደ እርሷ ዞሮ።

ሚስ ኦገስታ የምትጠብቀው ይህን ነበር። ሹፌሯ ረጅም የቆዳ ማኅደር አመጣ፤ ከውስጡም የቮይሎች የትውልድ ሐረግ የተጻፈበት ትልቅ ብራና ወጣ። ጋሻና ዘውድ በወርቅ ተሥሎበታል፤ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ያገለገለበት ከተማ ተመዝግቧል። ቅጂውን ማምጣት ትችል ነበር። ነገር ግን በመንደርተኛ ፊት ቅጂ መዘርጋት ከክብሯ በታች ሆነባት። ብራናው ራሱ ሲዘረጋ ከሕዝቡ ገሚሱ ሳያውቀው ከመቀመጫው ተነሣ።

«እነሆ፤ ኤቨራርድ። ከጎኑ ሚስት የለችም፣ ከሥሩም ልጅ የለም» አለች።

ዳኛው አጎንብሶ አየና «ይህ በቂ ይመስለኛል» አለ።

ሳይላስ የተቀመጠው ሦስት ክንድ ያህል ርቆ ነበር። ጋሻዎቹን አላየም። ያየው የብራናውን ፊት ነው። ብራናው ዙሪያውን እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያበራል፤ ከኤቨራርድ ስም ጎን ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ብርሃኑን ትውጣለች።

«ጌታዬ፣ ወደዚያ መስኮት ወስደው ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ያጋድሙት።»

«እጁን እንዳያስነካው!» አለች ሚስ ኦገስታ።

«እኔ አልነካም። ራሳቸው ይያዙት።»

«ለምንድን ነው?» አለ ዳኛው።

«በመቃብሩ ቦታ ዝናብ የበላቸው ድንጋዮች አሉ። ከፊት ሲያዩዋቸው ባዶ ናቸው። ከጎን ብርሃን ሲያርፍባቸው ስሙ ይነበባል። ቀለም ይፋቃል፣ ጌታዬ፤ ብዕሩ የሄደበት ጎድጓዳ ግን ይቀራል።»

ዳኛው መነጽሩን አደረገ። ብራናውን ተሸክሞ ወደ ምዕራቡ መስኮት ሄደ፤ ከፍ አደረገው፤ ዝቅ አደረገው፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲያነብ ድምፁ እንደ ተማሪ ቀርፋፋ ሆነ።

«ቲርዛ... የድንጋይ ጠራቢው የኢኖክ ፖብጆይ ልጅ... በሊዝበን ሌጋሲዮን ጸሎት ቤት ተጋቡ... አንዲት ሴት ልጅ።»

ሳይላስ የአባቱን ስም ከቮይሎች ብራና ውስጥ ሲሰማ አንገቱን አቀና። ነገሩ ወዲያው ገባው። ሰር ሁጎ ለድንጋይ ጠራቢ ዋሽቷል፤ ለመንግሥቱም ሳይዋሽ አልቀረም፤ ሥራውም ይኸው ነበር። ለገዛ ዘሩ ብራና ግን መዋሸት አልቻለም። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ለሰው መዋሸት ጨዋነት ነው፤ ለትውልድ ሐረግ መዋሸት ግን ኃጢአት ነው። በአደባባይ የካደውን ጋብቻ በቤቱ ቆልፎ በሚያስቀምጠው ቆዳ ላይ አስጽፎታል።

«ይህን የፋቀው ማን ነው?» አለ ዳኛው።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስ ኦገስታ። «አባቴ በተቀበረ ማግሥት። በወንድሜ ገበታ ራስ ሠላሳ ዓመት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለእርሱ ስል ሳላገባ የቀረሁት፣ ንግሥቶችን ያስተናገድኩት እኔ ነኝ። ሞግዚቲቱ አይደለችም!»

«ሞግዚቲቱ ስም አላት!» አለች ዶርካስ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። ማንም አልሳቀም።

ዳኛው ወዲያው ወሰነ። የቀረበው ቃል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይወጣም። የጋብቻው መዝገብ ከለንደን ይጠየቃል። ሚስ ኦገስታ ለወንድሟ ድንጋይ ከፈለገች «ባለቤቱ ቲርዛ፣ ልጁ ዶርካስ» ተብሎ ይጻፋል፤ ካልፈለገች ድንጋይ የለም።

«እንግዲያው ድንጋይ የለም» አለች ሚስ ኦገስታ። «ፖብጆይ የሚል ስም ከአባቶቼ ጎን ከሚወጣ ወንድሜ ያለ መታሰቢያ ይቅር።»

እንዲህ ሆኖ ሦስት ነገሥታትን ያገለገለው አምባሳደር ከግድግዳው ቀረ። ሳይላስ ደግሞ የትልቁን ቤት ሥራ ሁሉ አጣ፤ የትልቁ ቤት ጭሰኞችም የሞቱባቸውን ሰዎች ድንጋይ ከሌላ ከተማ ያስጠርቡ ጀመር። የሳቁበት ሰዎች ይቅርታ አልጠየቁትም፤ እርሱም አልጠበቀም።

«የእናትሽ ስም አልወጣም» አላት ለዶርካስ ቅዳሜ ዕለት።

«የእሱም አልወጣም» አለችው። «ነገ ግን አንድ ነገር አደርጋለሁ። እንዳትከለክለኝ።»

በማግሥቱ ሰንበት ዶርካስ ዘግየት ብላ መጣች። ቮይሎች ከግድግዳው ሥር በር ያለው የራሳቸው መቀመጫ አላቸው፤ ስምንት ሰው ይይዛል፤ ሚስ ኦገስታ ብቻዋን በመካከሉ ተቀምጣለች። ዶርካስ በሩን ከፍታ ገባች።

«ይህ የቮይሎች መቀመጫ ነው» አለች ሚስ ኦገስታ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ስለዚህ ነዋ የመጣሁት። ጠጋ በይ፣ አክስቴ።»

ሳይላስ ከኋላ ሆኖ ሰማ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ሰማ። ቄስ ሂባርድ መጽሐፉን ከፍቶ ገጹ ጠፋበት። ሚስ ኦገስታ አልተጠጋችም፤ ዶርካስም አልተነሣችም። ስምንት ሰው በሚይዘው መቀመጫ ላይ ሁለቱ ክርናቸው እየተነካካ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ፣ ጸሎቱ እስኪያበቃ ድረስ ተቀመጡ።