ሁለት ጊዜ የወጣልኝ ዋንጫ

ሁለት ጊዜ በእጣ የደረሰኝን የቀንድ ዋንጫ አባቴ ከልክለውኛል። በደሉ ይኸው ነው፤ ሳላለሳልስ ጽፌዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም እውነት ለመጻፍ ይበቃል።

ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው። አሮጌ ዕቃ እየዞሩ የሚመዘግቡ የወልድያ ተማሪዎች ቤቴ መጡና ዋንጫውን ከግድግዳ አወረድኩላቸው። ቅቤ የጠገበ የቀንድ ሽታ፣ ውስጡ የቀረ የድሮ ጌሾ ሽታ አፍንጫዬን መታው። አንዷ ልጅ ወረቀቷን ዘርግታ «እማማ፣ ዋንጫው የማን ነበር?» አለችኝ።

«የኔ!» አልኩ። ጮኼ መሰለኝ፣ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ።

ስሙኝ እንግዲህ። ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከመርሳ በላይ ጉብታው ላይ ስለነበር አስፋልቱ ከደጃችን ይታየን ነበር። በዚያ ሰሞን የጦር መኪና ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ይጎርፋል፤ ጉምጉምታው የቤቱን ምሰሶ ሳይቀር ያንቀጠቅጠው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ለውትድርና ተጽፎ ሊሄድ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። እናታችን ከሞተች ሰንብታለች። አባቴ ሦስታችንን፣ እሱን፣ እህቴንና እኔን ጠሩንና «ጦሩ ወደኛ ከወረደ ማን ወዴት እንደሚበተን አይታወቅም። የአያቶቻችሁ ዕቃ ባንድ ላይ ከሚጠፋ እያንዳንዳችሁ ድርሻችሁን ያዙ» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ጦርነቱን ረሳሁት! እንዳንነካቸው እየተቆጡ ያሳደጉን ዕቃዎች ግቢው መሐል ጀንዲ ተነጥፎላቸው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ዓመት በዓል የገባ መሰለኝ። ሰንዱቁ ማጠፊያው ሲጥ አለ። የብሩ ድሪ ከከረጢቱ ሲፈስ እንደ ጠጠር ጅረት ተንሿሿ። ዋንጫው ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ጥቁር፣ አፉ በናስ የተለበጠ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ከውስጡ እንደ ማር የሚበራ። ከዚያ ዋንጫ የሚጠጣው የቤቱ ራስ ብቻ ነው። ከአያቴ ወደ አባቴ ያለፈውም እንዲሁ ነው።

በኛ ዘንድ እጣ የሚጥለው ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ወንድሜ የእንጨት ስባሪ፣ እህቴ ጠጠር፣ እኔ ከቀሚሴ የበጠስኩትን ቀይ ቁልፍ በአባቴ ባርኔጣ ውስጥ ጨመርን። ሊያካፍሉን የመጡት አጎቴ ወደ መንገድ ወርደው ማንጎ ተሸክማ ወደ መርሳ ገበያ የምትሄድ የውርጌሳ ሴት ለምነው አመጡ።

«ከገበያዬ አስቀራችሁኝ» አለች፣ ቅርጫቷን እያወረደች። «ብቻ እጣ ጣይልን የተባለ ሰው እምቢ አይልም።»

ዓይኗን ጨፍና ባርኔጣውን አንቀረቀበችና ምልክቶቹን አንድ በአንድ በዕቃዎቹ ላይ አኖረች። ቀዩ ቁልፍ ዋንጫው ውስጥ ገብቶ ቃጭ አለ።

«ወጣልኝ!» ብዬ ዘለልኩ።

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በቃ፣ አባወራችን አንቺ ነሽ! ስመለስ ጠላ ትቀጂልኛለሽ ወይስ በር ላይ ታቆሚኛለሽ?»

«አቆምሃለሁ!» አልኩት። አባቴም ሳቁ።

አጎቴ ግን አልሳቁም። «ሴት ልጅ ነገ ባል ቤት ትሄዳለች። የቤት ራስ ዋንጫ ተከትሏት ይሂድ? ይህ አይሆንም፣ ይደገም።»

«እጣ ዓይን የለውም እያላችሁ አላሳደጋችሁንም?» አልኩ። ምላሴ ያኔም እንዲሁ ነበር።

«ውነቷን እኮ ነው» አለች ባለማንጎዋ። ቢሆንም ስለለመኗት ደገመች። ባርኔጣው ሲወዘወዝ ልቤ አብሮት ይወዘወዝ ነበር። እንጨቱን ሰንዱቁ ላይ፣ ጠጠሩን ድሪው ላይ አኖረች። ቁልፌ ዋንጫው ውስጥ ቃጭ አለ!

ዶሮዎቹ እስኪበረግጉ ጮህኩ። ወዲያው አባቴን አየሁ። አባቴ በአገሩ ሁሉ ወሰን ሲያጣላ፣ ወንድማማች መሬት ሲካፈል፣ እጣ ሊያስጥሉ የሚጠሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ የወጣ እጣ ሲያፈርሱ አልተሰማም። ስለዚህ አልጠራጠርም ነበር። ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። የሚያዩትም እኔን አልነበረም፤ ወንድሜን ነበር።

«ይደገም» አሉ፣ ድምፃቸው እምብዛም ሳይሰማ። «ቁልፏንም ከእጣው አውጡት።»

ባለማንጎዋ ተነሣች። «እኔስ አልደግምም፣ አባ። እጣ የእግዜር ቃል ነው። ሁለቴ ተናግሯል፤ ሦስተኛ የሚያናግረው ሌላ ሰው ፈልጉ።» ከቅርጫቷ አንድ የበሰለ ማንጎ መርጣ እጄ ላይ አኖረችና ቁልቁለቱን ወረደች። እጣውን አጎቴ ራሳቸው ጣሉት። ዋንጫው ለወንድሜ፣ ድሪው ለእህቴ ሆነ። ሰንዱቁ ያለ እጣ ለእኔ ተረፈ። ማንጎውን እያለቀስኩ በላሁት። ዛሬም ገበያ ውስጥ የማንጎ ሽታ ሲመጣብኝ በንዴት ሰውነቴ ይግላል።

ወንድሜ የሄደ ቀን ጆሮዬ ላይ «ስመለስ እሰጥሻለሁ። እስከዚያ አይጥ እንዳይበላው ቅቤ ቀቢልኝ» አለኝ። በየዓመቱ ቀባሁት። ጦርነቱ ሲያበቃ የሌላ ሰው ልጆች በአስፋልቱ ጠርዝ በእግር እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው እያንዳንዱን አላፊ በዓይናቸው ይቆጥሩ ነበር። እሱ አልመጣም። ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። ከዋንጫው ማንም አልጠጣም፤ አባቴም ቢሆኑ እስከ መጨረሻው በጣሳ ነበር የሚጠጡት።

እኔ ግን ጥያቄዬን አልተውኩም። ስዳር ጠየቅኳቸው፣ ወሬ ለወጡ። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ባስነሣሁ ቀን ጠየቅኳቸው፣ ተነሥተው ወጡ። በኋላ ሕመሙ ሲጠናባቸው ከነዋንጫው ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። አንድ ረፋድ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ እግራቸውን ሳጥብ እንደገና ጠየቅኳቸው።

«አባዬ፣ እርስዎ የማንንም እጣ አፍርሰው አያውቁም። ሁለቴ የወጣልኝን የኔን ለምን አፈረሱ?»

እግራቸውን ከውሃው አወጡ። ከዚያ ደረቅ እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ።

«ያ ዋንጫ ከኔ ቀጥሎ የቤቱ ራስ ለሚሆነው ነው የሚወጣው» አሉኝ። «መጀመሪያ ላንቺ ሲወጣ ሳቅሁ። ሲደግም ግን ወንድምሽ አይመለስም ያለኝ መሰለኝ። እምቢ ያልኩት እጣውን ነበር፣ ልጄ።»