ሶዶን የማይሰጥ ሰው

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቤተሰቡ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ከተማ ገበያ አጠገብ ሱቅ ከፈተ። ደንበኛ ሱሪው እስኪተኮስ በረንዳው ላይ ሲጠብቅ፣ አባቴ በእንቆቅልሽ ልቡን ያደርቀው ነበር።

«ነብር፣ ፍየልና ጎመን ይዘህ ኦሞን ልትሻገር ነው። ታንኳዋ አንተንና አንዱን ብቻ ነው የምትችለው። ዞር ካልክ ነብሩ ፍየሏን ይበላል፤ ፍየሏም ጎመኑን። እንዴት ታሻግራቸዋለህ?»

ያቃተው ሰው እንደ ደንቡ ሀገር ይሰጣል። የሻንቶው ሻንቶን፣ የቤሌው ቤሌን። አባቴም እዚያ ገብቶ ጮማ እንደቆረጠ፣ ለሰጪው አጥንት እንደወረወረለት ፎክሮ መልሱን ይነግረዋል። ከእናቷ ጋር የመጣች ልጅ ከመለሰችለት ግን ጉንጯን ይዞ «ጎበዝ! የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል።

እሱ ሲጠየቅና ሲያቅተው ጉኑኖን ይሰጥ ነበር። «ሶዶንስ?» ሲሉት፣ «ሞቼ ነው! ቤቴን ሰጥቼ የት ልደር?»

ዓምና መርሳት ጀመረው። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰው ስም። ሐኪሙ «የሚያውቀውን እየጠየቃችሁ አጫውቱት» አለን። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር የራሱን እንቆቅልሽ እጠይቀዋለሁ። መልሱን ካገኘው አባቴ ገና አለ ማለት ነው ብዬ ነበር። እህቴ «ምነው ብትተዪው፣ አደከምሽው እኮ» ብትለኝ ጮህኩባት።

አንዳንድ ቀን ፍየሏን ያሻግራል። ከዚያ ነብሩን ይወስድና ይቆማል። ፍየሏን መልሶ ማምጣት እንዳለበት አይታየውም።

«የተሻገረ ይመለሳል እንዴ?» ይለኛል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት እንደገና ጠየቅኩት። እጁን ስፌት መኪናው ላይ ጭኖ ብዙ አሰበ። ግንባሩን አላበው። ከዚያ እንግዳ እንደሚያነጋግር ሰው በትሕትና ቀና አለ።

«ደከመኝ። ሀገር ልስጥሽ።»

«የቱን ትሰጠኛለህ አባባ?» ጉኑኖን ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ሶዶን ሰጥቼሻለሁ።»

እግዚኦ! አልቀበልም ልለው ቃጣኝ፤ ግን ሀገር የተቀበለ መልስ መስጠት አለበት። ጮማውንም አጥንቱንም ትቼ ነገርኩት፤ መጀመሪያ ፍየሏን ያሻግራል፣ ከዚያ ነብሩን አድርሶ ፍየሏን ይመልሳል፣ እሷን ትቶ ጎመኑን ያደርሳል፣ በመጨረሻ እሷን ይዞ ይሻገራል።

ፊቱ በራ። ጉንጬን ያዝ አደረገኝ።

«ጎበዝ!» አለኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»